የስምምነቱ ዝምታና የመምህሩ ሸክም፦ የደቡብ አፍሪካ «ሥርዓተ ትምህርት 2005» ሲመረመር

ከግጭት ወጥቶ ወደ ዴሞክራሲያዊ አስተዳደር የሚሸጋገር አገር የሚያወጣው የትምህርት ፖሊሲ በአንድ ጊዜ ሁለት አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። አንደኛው ልጆችን ማስተማር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያለፈው ዘመን አክትሞ ሌላ ዘመን መግባቱን ለሕዝብ ማብሠር ነው። ሁለቱ አብረው ሊጓዙ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አንደኛው ሌላውን ይጫነዋል። ብሥራት አንድ ቀንና አንድ አደባባይ ሲበቃው፣ ማስተማር ግን መጽሐፍን፣ የሠለጠነ መምህርንና ረጅም ዓመታትን ይጠይቃል። በደቡብ አፍሪካ ማርች 24 ቀን 1997 ይፋ የሆነው «ሥርዓተ ትምህርት 2005» የተሰኘው ሰነድ ለዚህ ጉዳይ ተገቢ የምርመራ ርእስ ነው። ሰነዱ በቅን ልቦና የተዘጋጀና በብዙ ተስፋ የታጀበ ሲሆን፣ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው በራሱ መንግሥት ትእዛዝ እንደገና እንዲመረመር ተደርጓል። (ኢትዮጵያን ከሚመለከቱት በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አፓርታይድ ለጥቁር ልጆች የደነገገው ትምህርት በ1953 በወጣው የባንቱ ትምህርት አዋጅ ላይ የቆመ ነበር። ዓላማው ጥቁሩን ልጅ ለዝቅተኛ የጉልበት ሥራ ማዘጋጀት መሆኑን የአዋጁ ባለቤቶች ራሳቸው አልሸሸጉትም። በ1974 ከትምህርት ዓይነቶች ከፊሉ በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲሰጥ የወጣው መመሪያ ጁን 16 ቀን 1976 የሶዌቶን ተማሪዎች ወደ አደባባይ አወጣቸው፤ መንግሥትም በጥይት መለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ የትግል ሜዳ ሆነ። ተማሪዎች ትምህርት አቆሙ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማም መምህራን የመንግሥትን የትምህርት ተቆጣጣሪዎች ከግቢያቸው አስወጡ። ይህ የመጨረሻው ነገር በብዙ ትንታኔዎች በቀላሉ ይታለፋል፤ ለፖሊሲ አዘጋጅ ግን ትልቅ ትርጉም አለው። ተቆጣጣሪው የጭቆናው ዓይን ስለ ነበረ መባረሩ አያስገርምም። ይሁን እንጂ አዲሱ መንግሥት ሥልጣን ሲረከብ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የሚያይበት የራሱ ዓይን አልነበረውም።

ሽግግሩ በድርድር የተገኘ ነው እንጂ አሸናፊው ተሸናፊውን ደምስሶ የገባበት አልነበረም። በኤፕሪል 1994 ከተካሄደው ምርጫ በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ አንድነት መንግሥት የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስን፣ የቀድሞውን ገዢ ናሽናል ፓርቲንና ኢንካታን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጠ ነበር። የአሮጌው መንግሥት ሠራተኞች ከሥራቸው እንዳይፈናቀሉም በድርድሩ ዋስትና ተሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር ሲቡሲሶ ቤንጉ የተረከቡት በዘርና በባንቱስታን የተከፋፈሉ ከአሥራ አምስት የሚበልጡ የትምህርት መምሪያዎችን ሲሆን፣ እነዚህ በአንድ ብሔራዊ መሥሪያ ቤትና በዘጠኝ የክፍለ ሀገር መምሪያዎች ተተኩ። የማይተማመኑ የመንግሥት ሠራተኞችን ሰብስቦ፣ ደመወዝ ሳያቋርጥና ፈተና ሳያስተጓጉል ይህን መፈጸም ቀላል ሥራ አይደለም። በሰነዱ ላይ የሚሰነዘር ማንኛውም ሂስ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ሰነዱ የተገነባው «በውጤት ላይ የተመሠረተ ትምህርት» በሚባለው አስተሳሰብ ነው። በዚህ አስተሳሰብ የሚደነገገው መምህሩ የሚያስተምረው ነገር ሳይሆን ተማሪው በመጨረሻ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ መምህሩ ራሱ ይመርጣል። የትምህርት ዓይነቶች በስምንት የትምህርት መስኮች ተጠቃለሉ። ታሪክና ጂኦግራፊ ለየብቻ መቆማቸው ቀርቶ «ሰብአዊና ማኅበራዊ ሳይንስ» ከሚባለው መስክ ገቡ። ከበላይ ጥቂት አጠቃላይ ውጤቶች፣ ከሥራቸው 66 ዝርዝር ውጤቶች ተደረደሩ። በእነዚህ ላይ የምዘና መስፈርት፣ የወሰን መግለጫ፣ የክንውን አመልካች፣ የእርከን ማቀናበሪያ፣ የመርሐ ግብር ማቀናበሪያ የሚባሉ ነገሮች ተጨመሩ። መምህርና ተማሪ የሚሉት የቆዩ ስሞች እንኳ ሳይቀሩ በሌሎች ስሞች ተተኩ።

ለመምህር የሚጻፍ ሰነድ የመጀመሪያ ግዴታው መምህሩ ሰኞ ጧት ክፍል ሲገባ ከምን እንደሚጀምር ማሳየት ነው። ይህ ሰነድ ከዚህ ግዴታ ሸሽቷል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል ማንበብ እንዳለበት፣ ክፍልፋይ ከየትኛው የሒሳብ ትምህርት በኋላ እንደሚመጣ፣ የትኛው የታሪክ ምዕራፍ ከየትኛው እንደሚቀድም የሚፈልግ አንባቢ ገጽ ሲገለብጥ ይውላል። የሚያገኘው ስለ ጥልቅ አስተሳሰብ፣ ስለ ኃላፊነት፣ በቡድን ስለ መሥራት የሚናገሩ፣ ማንም ሊቃወማቸው የማይችል አረፍተ ነገሮችን ነው። ማንም የማይቃወመው አረፍተ ነገር ደግሞ ለክፍል ሥራ እምብዛም አይረዳም።

የይዘቱ ነገር በዝምታ የታለፈው በአዘጋጆቹ ስንፍና አይደለም። አፓርታይድ የሚማረውን ሁሉ እየቆጠረ ይደነግግ ስለ ነበር፣ ይዘትን መደንገግ ራሱ የጨቋኝ ሥራ መስሎ ታየ። ከዚህም የጠለቀ ምክንያት አለ። ዲሴምበር 16 ቀን 1838 በደም ወንዝ ላይ የሆነውን ውጊያ ማን ነው የሚተርከው? ለአፍሪካነሩ የድል ቀኑ፣ ለዙሉው የሽንፈት መታሰቢያው ነበር። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ የጦር ክንፍም በ1961 የትጥቅ ትግሉን የጀመረው ይህንኑ ቀን መርጦ ነው። የሽግግሩ መንግሥት ቀኑን ሳይሽር «የዕርቅ ቀን» ብሎ ሰየመው። በዓልን በአዲስ ስም ማስታረቅ ይቻላል፤ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ግን በስም ለውጥ ብቻ አይታረቅም፤ ማን ማንን እንደ ወጋና ለምን እንደ ወጋ ሊጽፍ ግድ ይለዋል። የትናንት ባላንጣዎች በዚህ ላይ በጥቂት ወራት ሊስማሙ አይችሉም ነበር። ስለዚህ የሚስማሙበት ተጻፈ፤ የማይስማሙበትም ባዶ ተተወ። ባዶው ቦታ «የመምህሩ ነጻነት» የሚል ስም ተሰጠው።

ነገር ግን ባዶ ቦታ ለሁሉም እኩል ባዶ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ባለው፣ መምህራኑ በዩኒቨርሲቲ በተማሩበትና ከሠላሳ የማይበልጡ ልጆች በሚቀመጡበት የከተማ ትምህርት ቤት መምህሩ ባዶውን በራሱ ዕውቀት ይሞላዋል፤ እንዲያውም ይደሰትበታል። በባንቱስታን ኮሌጅ የሠለጠነ፣ በእጁ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ብቻ የቀረ፣ ከፊቱ ሃምሳና ስድሳ ልጆች የተሰለፉበት መምህር ግን ምኑን ከምን አምጥቶ ይሞላል? አፓርታይድ ዕውቀትን ነፍጎ ያሳደገውን መምህር የሥርዓተ ትምህርቱ ደራሲ እንዲሆን መጠየቅ ነጻነት መስጠት አይባልም። እኩልነትን ለማስፈን የወጣው ሰነድ ቀድሞ የነበራቸውን ይበልጥ የጠቀመበት ምክንያት ከዚህ ሌላ አይደለም።

መምህራን ከዝግጅቱ ፈጽሞ ተገልለው ነበር ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የመምህራን ማኅበራት በየኮሚቴው ተወካዮች ነበሯቸው። የሠራተኛ ማኅበራትም፣ በተለይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር፣ በፋብሪካ ልምድ የተገኘ ችሎታ ከመደበኛ ትምህርት ጋር ተነጻጽሮ ዕውቅና እንዲያገኝ የረጅም ጊዜ ጥያቄ ነበራቸው። በ1995 የወጣው የብቃት ማዕቀፍ አዋጅ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ ነው። በእጁ ሙያ ይዞ ወረቀት ለተነፈገ ጥቁር ሠራተኛ «ምን ማድረግ ትችላለህ» ብሎ መጠየቅ ፍትሕ ነው። ይኸው መለኪያ ማንበብ ገና ለሚጀምር የሰባት ዓመት ልጅ ሲዛወር ግን ማንም ቆም ብሎ የመረመረው አይመስልም። ማኅበሩ የተወከለው የአባላቱን መብት ይዞ ነው፤ ፊደል በማስቆጠር የተገኘው ልምድ ግን ወንበር አልነበረውም። ውክልናና ልምድ አንድ አለመሆናቸውን የሽግግር ዘመን ፖሊሲ አውጪዎች በየአገሩ ይዘነጉታል።

በዚያው ሰሞን ሌሎች ሁለት ውሳኔዎች መጡ። በ1996 የወጣው የትምህርት ቤቶች አዋጅ የወላጆች ጉባኤ በአብላጫ ድምፅ ከወሰነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ እንዲያስከፍል ፈቀደ። ነጩ መካከለኛ መደብ ልጆቹን ይዞ ወደ ግል ትምህርት ቤት እንዳይኮበልል የተደረገ ስምምነት ነው። በዚህም ባለ ጸጋው ትምህርት ቤት በራሱ ገንዘብ ተጨማሪ መምህራን ቀጠረ፤ በድኻ ሰፈር የሚገኙት ከክፍያ ነጻ የሆኑት ግን ከ2007 ጀምሮ ነው። ሁለተኛው ውሳኔ የመምህራን ድልድል ነው። በአንደኛ ደረጃ ለአርባ፣ በሁለተኛ ደረጃ ለሠላሳ አምስት ተማሪዎች አንድ መምህር እንዲሆን ታቅዶ፣ ትርፍ የሆኑት ወደ ጎደለበት እንዲዛወሩ፣ ያልፈለጉትም የስንብት ክፍያ ወስደው እንዲወጡ ተፈቀደ። ብዙ ልምድ ያላቸው መምህራን መውጣቱን መረጡ። ዝውውሩም ቢሆን በ1997 የኬፕ ፍርድ ቤት በግሮቭ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉዳይ በሰጠው ብይን ተሰናከለ፤ ትምህርት ቤቱ ከዝውውር ስም ዝርዝር ውስጥ ብቻ እንዲቀጥር ሊገደድ አይችልም ተባለ። አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ከምንጊዜውም የበለጠ ችሎታ የሚጠይቅ ሥርዓተ ትምህርት እያወጣ፣ በሌላው እጁ ችሎታ ያላቸውን መምህራን እየከፈለ ያሰናብት ነበር። ሁለቱን የሚያነጻጽር መሥሪያ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ የትምህርት ባለሙያዎች፣ ድልድሉ የበጀትና የድርድር ሰዎች ጉዳይ ነበርና።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ይፋ በሆነ በዐሥረኛው ወር፣ በጃንዋሪ 1998፣ በአንደኛ ክፍል ሥራ ላይ ዋለ። ሥልጠናው ለኢትዮጵያ መምህራን ባዕድ በማይሆን መንገድ ተካሄደ። ከበላይ ጥቂት አሠልጣኞች ሠለጠኑ፤ እነሱ ሌሎችን፣ ሌሎቹም ሌሎችን አሠለጠኑ። ወደ መምህሩ እስኪደርስ ቃላቱ ቀርተው ትርጉማቸው ተንጠባጥቦ አልቋል። ለብዙዎቹ መምህራን የተሰጠው ጊዜ ከአንድ ሳምንት አይበልጥም። ያን ጊዜ በደርባን የነበሩት የሥርዓተ ትምህርት ምሁር ጆናታን ያንሰን ሥራው ገና ሳይጀመር በ1997 ፖሊሲው ለምን እንደሚከሽፍ ዐሥር ምክንያቶችን ዘርዝረው አሳትመው ነበር። የቃላቱ ውስብስብነት፣ በመምህሩ ላይ የሚከመረው የጽሕፈት ሥራ፣ አብረው ካልተለወጡ የማይሠሩ ብዙ ነገሮች መኖራቸው ከምክንያቶቹ ውስጥ ይገኛሉ። ሂሱ በባለ ሥልጣኖች ዘንድ በበጎ ዓይን አልታየም። በሽግግር ዘመን አዲሱን ፖሊሲ የነቀፈ ሰው አሮጌውን የናፈቀ ይመስላል፤ ያንሰን ግን አሮጌውን የሚናፍቁበት አንዳችም ምክንያት አልነበራቸውም።

በ1999 ሚኒስትር የሆኑት ካዴር አስማል በሊንዳ ቺዝሆልም የሚመራ የምርመራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም በሜይ 2000 ሪፖርቱን አቀረበ። ይህ ሪፖርት ከዋናው ሰነድ ይልቅ ሊነበብ የሚገባው ነው። ቋንቋው ግልጽ ነው፤ የሥርዓተ ትምህርቱ አወቃቀር የተዛባ መሆኑን፣ ምዘናው ከትምህርቱ ጋር አለመጣጣሙን፣ የመምህራን ሥልጠና በቂ አለመሆኑን፣ የመማሪያ መሣሪያዎች እጥረትና የጥራት ጉድለት መኖሩን ሳይሸፋፍን ይናገራል። አንድ መንግሥት በራሱ ሥራ ላይ ይህን የመሰለ ሪፖርት አስጽፎ ማሳተሙ በአህጉራችን ብርቅ ነው። ይሁንና ሪፖርቱም ቢሆን ወደ ድርድሩ ጠረጴዛ መመለሱ አልቀረም። ኮሚቴው የትምህርት መስኮቹ ቁጥር እንዲቀነስ፣ ቴክኖሎጂና የኢኮኖሚና አስተዳደር ሳይንስ ራሳቸውን ችለው መቆማቸው እንዲቀር ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስምንቱም እንዲቀጥሉ ወሰነ። እያንዳንዱ መስክ ተሟጋች ነበረው፤ የትምህርት ጊዜ መጣበብ ግን ተሟጋች አልነበረውም። በ2002 የወጣው የተሻሻለ ሥርዓተ ትምህርት ታሪክን ወደ ስሙ መለሰ፤ ይዘትንም በመጠኑ ጻፈ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ታሪክ ፍጹም እንግዳ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ጥናት፣ ማለትም በብዙዎች ዘንድ ሴክተር ሪቪው በሚል ስም የሚታወቀው፣ በውስጡ ብዙ ጠቃሚ ሐሳብ ነበረው፤ መሠረታዊ ትምህርትን ለገጠሩ ልጅ ማዳረስ አንዱ ነው። ጥናቱ ግን ከሕዝብ ተሰውሮ ከቆየ በኋላ በ1966 ዓ.ም. መባቻ ላይ ወሬው ሲሰማ፣ መምህራን ኑሯቸውን፣ ወላጆች የልጆቻቸውን ዕድል የሚነካ ሆኖ አገኙትና በየካቲት ወር መምህራን ሥራ አቆሙ። የቀረው የታወቀ ነው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. በሽግግሩ መንግሥት የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካው ጋር ሊነጻጸር ይችላል፤ ሁለቱም ከጦርነትና ከግጭት በኋላ የወጡ፣ ሁለቱም ተከታታይ ምዘናንና ተማሪው ማዕከል የሆነበትን ትምህርት የያዙ ናቸው። የክፍል መጽሐፍ ሳይኖረው የምዘና ቅጽ በመሙላት የደከመ የኢትዮጵያ መምህር የደቡብ አፍሪካውን ባልደረባውን ብሶት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ። የኢትዮጵያው ፖሊሲ በቋንቋ ጉዳይ አልሸሸም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በግልጽ ጻፈ። መጽሐፉና የሠለጠነው መምህር ከውሳኔው ኋላ እየተጎተቱ መምጣታቸው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ ምን እንደ ተወሰነ ይታወቅ ነበር።

ደቡብ አፍሪካ በዚህ ላይም ዝም ብላለች። አሥራ አንድ ብሔራዊ ቋንቋዎችን ያወጀው ሕገ መንግሥት ከጸደቀ በኋላ፣ በ1997 የወጣው የቋንቋ ፖሊሲ የመማሪያ ቋንቋን ምርጫ ለየትምህርት ቤቱ አስተዳደር ቦርድ ተወ። ከሶዌቶ በኋላ ቋንቋ በመንግሥት ትእዛዝ የሚጫን መስሎ እንዳይታይ የተደረገ ጥንቃቄ ነው፤ የአፍሪካንስ ትምህርት ቤቶችንም ያረጋጋ ነበር። ተግባሩ ግን ይህን መሰለ፦ አብዛኞቹ ጥቁር ልጆች እስከ ሦስተኛ ክፍል በእናታቸው ቋንቋ ይማራሉ፤ በአራተኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ሁሉም ትምህርት በአንድ ጀንበር ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል።

ሥርዓተ ትምህርቱ በበኩሉ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። በ2009 ሌላ የምርመራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከ2012 ጀምሮም በሚኒስትር አንጂ ሞትሼክጋ ዘመን የሚማረውን እየለየ፣ ጊዜውን እየመደበ የሚዘረዝር ሥርዓተ ትምህርት በየደረጃው ገባ። ከ2011 ጀምሮ በመንግሥት የታተሙ የመልመጃ ደብተሮች ለተማሪዎች መታደላቸው ምናልባት ከሁሉም ፖሊሲዎች ይልቅ ድኻውን ክፍል የደረሰ ሥራ ነው። ይሁንና ለዓመታት የባከነው ጊዜ በቀላሉ አልተመለሰም። በ2016 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የንባብ ጥናት ከአራተኛ ክፍል ተማሪዎች 78 ከመቶዎቹ ያነበቡትን መረዳት አልቻሉም፤ በ2021 ቁጥሩ 81 ከመቶ ደረሰ። ፈተናው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በተማሩበት ቋንቋ የተሰጠ በመሆኑ ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ መለጠፍ አይቻልም። በ1998 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በ2021 የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ከእሱ ብዙ ዓመታት በኋላ ከመጡት ልጆችም አብዛኞቹ ያነበቡትን አይረዱም ነበር።

በዝምታ የታለፈው የቋንቋ ጉዳይ ዛሬ ወደ ጠረጴዛው ተመልሷል። በሜይ 2024 በተደረገው ምርጫ ገዢው ፓርቲ አብላጫውን ወንበር አጥቶ የጥምር መንግሥት ካቋቋመ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ራማፎዛ ሴፕቴምበር 13 ቀን የትምህርት ሕጎች ማሻሻያውን ሲፈርሙ፣ ከጥምር ፓርቲው የመጡት ሚኒስትር ሲቪዌ ግዋሩቤ በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኙም። ያከራከሩት አንቀጾች ተማሪ የመቀበልንና የመማሪያ ቋንቋን የመወሰን ሥልጣን ከትምህርት ቤት ቦርድ ወደ ክፍለ ሀገር መምሪያ የሚያሸጋግሩት ናቸው፤ ለሦስት ወር በይደር ቆይተው በዲሴምበር ጸኑ። በ2025 ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚሰጥ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል መጀመር ታወጀ። በምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር አንዳንድ መምህራን ሒሳብንና ሳይንስን በኮሳና በሶቶ ቋንቋ ማስተማሩን ይህ ሕግ ሳይጸና፣ ከ2012 ጀምሮ ሲሞክሩት ቆይተዋል።